መሪው በማን እጅ ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ባዘጋጀው የሁለት ቀን “የአመራር ክህሎት ሥልጠና” ላይ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ነበር። ለምን እኔን እንደመረጡ እስካሁን አልገባኝም። በሕይወቴ የመራሁት ነገር ቢኖር የሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው፤ እሱንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ክፍሉ ነው የመራኝ። ብቻ ሄድኩ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ከእኔ በፊት የተናገረው ወጣት አሠልጣኝ የመሪ ባሕርያትን በስላይድ እያሳየ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲቆጥር፣ ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው እያንዳንዷን ፎቶ ያነሳሉ። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ሰርተፊኬት አለ። እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ተመሪ ሆኖ የገባ ልጅ ቅዳሜ ማታ መሪ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ሹመት ያዳብር!

የእኔም ተራ ደረሰና የሚጠበቅብኝን ተናገርኩ። ስለ አርአያነት፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ አገር ተረካቢነት። ጥያቄ ካለ ሲባል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

“መምህር፣ እሺ መሪ እንሁን። ግን እኛ አሁን የምንመራው ማንን ነው?”

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩና “ራስሽን!” አልኳት። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ልጅቷ ግን አላጨበጨበችም። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ያ ያልተጨበጨበ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። “ራስሽን” የሚለው መልስ የሚያስጨበጭበው ማንንም ምንም ስለማያስከፍል ነው። ዩኒቨርሲቲውን አያስከፍልም፤ ሰርተፊኬት የሚፈርመውን አያስከፍልም፤ ተናጋሪውንም አያስከፍልም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ከቃሉ ልጀምር፤ የቆየ የመምህርነት አመል ነውና አይለቀኝም። በአማርኛችን አገር የሚመራውም መሪ ነው፤ ሾፌር በሁለት እጁ የሚይዘው ክብ ነገርም መሪ ነው። ይህ አጋጣሚ ብዙ ነገር ያስተምራል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የተመዘገበ ሰው መጀመሪያ ክፍል ገብቶ የመንገድ ምልክት ያጠናል። ነገር ግን በዚያ አያበቃም። አንድ ቀን “ለማጅ” የሚል የተጻፈበት መኪና ውስጥ ይገባና መሪውን ይይዛል። ላቡ ጠብ እያለ፣ ከኋላው ያለው ታክሲ ጡሩምባውን እየነፋበት፣ መንገደኛው እየሸሸው ይነዳል። አሠልጣኙ ከጎኑ ይቀመጣል፤ በእርሱም እግር ሥር አንድ ፍሬን አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለተኛ ፍሬን እንጂ ሁለተኛ መሪ የለም።

በየዩኒቨርሲቲው የምናየው ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። እውነተኛው መሪ ከእኛ ከትልልቆቹ እጅ አይወጣም። ለተማሪው የምንሰጠው ልጅ ሳለን የድስት ክዳን ይዘን “ቡ…ም” እያልን በየጓሮው እንነዳው የነበረውን ዓይነት ነው። ወደ ቀኝ ብታዞረው፣ ወደ ግራ ብታዞረው የሚንቀሳቀስ ጎማ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

ነገሩ ከእኛ አልጀመረም። ፕላቶ “ሜኖ” በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ሶቅራጥስ አንድ ጥያቄ ይመረምራል፤ ለመሆኑ በጎነት በትምህርት የሚገኝ ነገር ነው ወይ? ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ቴሚስቶክልስ ነው። አቴና ከፋርስ ጋር በተዋጋችበት ዘመን አገሩን ያዳነ፣ ስመ ጥር መሪ። ይህ ሰው ልጁን ክሌኦፋንቱስን ፈረስ ግልቢያ አስተማረው። ልጁም ፈረሱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጦር እስከ መወርወር ደረሰ። በአባቱ ጥበብ ግን “አባቱን መሰለ” ያለው ሰው አልተገኘም። እንግዲህ ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ አባትየውም ንፉግ አልነበረም። ታዲያ ለምን?

ሶቅራጥስ እንደ ልማዱ ጥያቄውን አንጠልጥሎት ይሄዳል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ልጁ ፈረስ መጋለብ የቻለው ፈረስ ስለተሰጠው ነው። አቴናን ማን ሰጠው? አርስቶትልም በኋላ በዚሁ መንገድ የሄደ ይመስለኛል። ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሕ በመሥራት ነው ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ የፈረሰኛ አዛዥነትን የሚማሩት በሌላ አዛዥ ሥር ፈረሰኛ ሆነው በመታዘዝ እንደሆነ ያስታውሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱ የሚጋለብ እውነተኛ ፈረስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከፊት ሆኖ ሲጋልብ የሚታይ ሰው። ስለ ሁለተኛው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ እኔንም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በአገራችን ተማሪው እውነተኛ መሪ የጨበጠበት ጊዜ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሃምሳና ስልሳ ተማሪ ፊት ብቻውን ቆመ። ያኔ ማንን እንደሚመራ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም፤ ከፊቱ ተቀምጠው ያዩታላ! በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” እያሉ ወደ ፓርላማ ወጡ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ዓመት የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ።

ያንን ትውልድ በጭፍን ከሚያወድሱትም በጭፍን ከሚረግሙትም ወገን አይደለሁም። መሪውን በእጁ ይዞ ነበር፤ ይህ ሐቅ ነው። የጎደለው ፍሬኑ ነው። የመሪነት ፍሬን ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በሰው ፊት ቆሞ “ተሳስቻለሁ” ማለት መቻል ነው እላችኋለሁ። በአንድ አዳራሽ የተማሩ፣ በአንድ ሰልፍ የወጡ፣ አንድ መጽሐፍ የተዋዋሱ ልጆች “ተሳስቻለሁ” ከማለት ይልቅ “ተሳስተሃል” መባባልን መረጡ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያ መባባል በጥይት ሆነ። ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ ሲደርስ የሾፌሩ ቅን ልቦና ማንንም አያድንም።

ከዚያ በኋላ የመጣነው፣ ከዚያ ፍርሃት የተረፍነው፣ መፍትሔ ያልነው ፍሬን መግጠምን አልነበረም። መሪውን መንጠቅ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሕንጻው በዛ፣ ተማሪው በዛ፤ ለተማሪው የተተወለት ነገር ግን አነሰ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ “አንድ ለአምስት” የሚባል አደረጃጀት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አምስት ተማሪ በአንድ ተማሪ ሥር ይጠረነፋል። ሐሳቡ ጎበዙ ደካማውን እንዲያግዝ ነው ይባል ነበር፤ ያገዘም አይጠፋም። ነገር ግን “አንዱ” የሚመዘነው አምስቱ ምን ያህል ገባቸው በሚለው ሳይሆን ወደ ላይ በሚልከው ሪፖርት ስለነበር ፊቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ዞረ። አምስቱ የሚያዩት ጀርባውን ሆነ።

እንዲያው ለማነጻጸር ያህል፣ በቅኔ ቤት አስነጋሪ የሚባል ተማሪ አለ። ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ ኮቾሮውን ለምኖ የሚያድር። ግን መምህሩ ያስተማሩትን ለታናናሾቹ መልሶ ያስረዳል፣ ያስቀጽላል። ታናሹ ካልገባው የሚያፍረው አስነጋሪው ነው። ፊቱ ወደ ታች ነው። እንግዲህ ሁለቱም “አንድ ለስንት” ናቸው፤ የፊታቸው አቅጣጫ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አሁን ወደ ሚያሳፍረኝ ልምጣ።

በ1996 ዓ.ም. ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ለአንድ ክፍል የአማርኛ ልቦለድ አስተምር ነበር። ክፍሉ 43 ተማሪ ነበረው። የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” አንብበው በእጅ የተጻፈ ድርሰት እንዲያቀርቡ አዘዝኩ። የክፍሉ ተወካይ ዝምተኛ የገጠር ልጅ ነበር። ወረቀቱን ሰብስቦ፣ በስም ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ። እኔም በሁለት ክላሰር ከፍዬ ያዝኩና ታክሲ ተሳፈርኩ። ቤቴ ስደርስ በእጄ ያለው አንድ ክላሰር ነው። ስቆጥር 26 ወረቀት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙ ግን ለቀቅኩ።

ቅዳሜና እሑድን ስብሰለሰል ከረምኩ። ሰኞ ክፍል ስገባ እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

“የ17 ተማሪ ወረቀት አልደረሰኝም። ተወካያችሁ ያስረከበኝ 26 ብቻ ነው።”

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ወደ ልጁ ዞረ። ሁለት ሌሊት አምሽታ የጻፈች ልጅ እንባዋ መጣ። አንዱ “እኔ በእጁ ነው የሰጠሁት!” ብሎ ጮኸ። ልጁ ተነሳ። አየኝ። አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። “እሺ መምህር፣ እንደገና እሰበስባለሁ” አለ።

ከሰዓት ቢሮዬ መጣ። ቆሞ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ “መምህር፣ አርባ ሦስት ነበር። ቆጥሬ ነው የሰጠሁዎት” አለኝ።

“ምንም አይደል፤ ሰው ይሳሳታል” አልኩት። ይቅር አልኩት፤ ልብ በሉልኝ።

ምን ፈርቼ ነው? ከሥራ አልባረር፤ ደሞዝ አይቆረጥብኝ። የፈራሁት ይሉኝታን ነው። “መምህሩ ወረቀት ጣለ” ተብሎ መሳቂያ መሆንን። ለዚያች ለማትረባ ሳቅ ብዬ የአንድ ልጅ ስም ሸጥኩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ጉዱ ካሣ ነበር። እውነትን በታላላቆች ፊት በመናገሩ እንደ እብድ የተቆጠረውን ሰው እያሞገስኩ ጥቁር ሰሌዳውን ሞላሁት። ከፊቴ ተቀምጦ የሚጽፈውን ጉዱ ካሣ ግን አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ ሌላ ተወካይ መረጠ ሲሉ ሰማሁ።

የአመራር ሥልጠና የሰጠሁት ያኔ ነው ወገኖቼ! ያለ ባነር፣ ያለ ስላይድ። 43 ተማሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የማይረሳውን ትምህርት ተማረ። ኃላፊ ማለት ጥፋቱን ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ነው፤ የበታች ማለት ደግሞ “እሺ” ብሎ የሚቀበል። አሁን በየመሥሪያ ቤቱ “ጸሐፊዋ ነች የረሳችው”፣ “ሲስተሙ ነው” የሚለን ሹም ከየት መጣ ብለን ስንገረም፣ እኔ በበኩሌ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ ምን ልመልስላት? “የምንመራው ማንን ነው?” ላለችኝ።

መጀመሪያ፣ አብረውሽ በአንድ ዶርም የሚያድሩትን። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸውን አንዘነጋም። ለመማር የመጣ ልጅ ሬሳው ወደ ወላጆቹ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ሌሊት የሚያስፈልገው መሪ ስላይድ የሚያዘጋጅ አይደለም። በር ላይ ቆሞ “እዚህ የሚተኛው ጓደኛችን ነው፤ አታገኙትም” የሚል አንድ ሰው ነው። ያንን ሰው ግን በዚያ ሌሊት አታሠለጥኚውም። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ትንሽ ነገር ላይ “ጥፋቱ የእኔ ነው”፣ “ይህ ትክክል አይደለም” ማለት የተለማመደ መሆን አለበት። የጥናት ቡድኑ ሥራ ሲበላሽ፣ የክበቡ መዋጮ ሲጎድል፣ የተራ ጉዳይ ሲነሳ።

ሁለተኛው መልስ ለእርሷ ሳይሆን ለእኛ ነው። መሪውን እንስጣቸው። የክበቡን ገንዘብ ራሳቸው ይያዙት፤ ሒሳቡንም ለሰጧቸው ተማሪዎች በአደባባይ ያወራርዱ። ተወካያቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ ራሳቸውም ያውርዱ። የካፌውን ጉዳይ የሚነጋገር ኮሚቴ ውስጥ ሲገቡ ድምፃቸው ይቆጠር እንጂ ስማቸው ቃለ ጉባኤ ማድመቂያ አይሁን። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና የሞራል ትምህርት በኮርስ ደረጃ እንዲወስዱ ተደርጓል፤ ደግ ነው። የመንገድ ምልክት ማወቅ ግዴታ ነው። ግን መኪናውስ?

“ይሳሳታሉ” የሚል አይጠፋም። አዎ ይሳሳታሉ! ገንዘብ ይጎድላል፤ ያልሆነ ሰው ይመረጣል። ይህ ቀላል ስጋት አይደለም፤ የተሳሳተ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል ከታሪካችን አይተናል። ታዲያ የአሠልጣኙ እግር ፍሬኑ ላይ የሚሆነው ለዚህ አይደለም እንዴ? የ20 ዓመት ልጅ በ500 ብር ተሳስቶ በጓደኞቹ ፊት ቢያፍር ይሻላል ወይስ በ40 ዓመቱ በ500 ሚሊዮን ተሳስቶ ሌላ ሰው ቢያሳስር?

ሦስተኛው ደግሞ መምህሩ ነው። ተማሪ ከምንነግረው ይልቅ የሚያየን ይበልጣል። አንድ መምህር “ይህን ጥያቄ አላውቀውም፤ ነገ አይቼ እመጣለሁ” ካለ፣ “ነጥብህን አሳስቻለሁ፤ ይቅርታ” ካለ፣ ከአንድ ሳምንት ሥልጠና ይበልጣል። እንደ እኔ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሳምንት ሥልጠና በላይ ያፈርሳል።

ምን ያህል እንደሚያፈርስ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። ለአንድ ዘመድ ሠርግ ወደ ክፍለ ሀገር ሄጄ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ሰላም አለኝ። ያ ልጅ ነው። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። አብሮት የተቀመጠው ባልደረባው፣ “ይኸ ሰው ሦስት ጊዜ ርዕሰ መምህር ሁን ተብሎ ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ ነው። ከእሱ የሚሻል ሳይኖር!” ብሎ አማልኝ።

“ምነው?” አልኩት።

“እኔ ቆጥሬ ማስረከብ እችላለሁ መምህር። ከዚያ በላይ ያለው ይከብደኛል” አለና ሳቀ።

ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እንግዲህ ያልቆጠርነው ኪሳራ ይህ ነው። ክፉ ትምህርታችን ጥፋቱን ወደ ታች የሚያወርዱ ሹሞችን ብቻ አይደለም የሚያፈራው። ሐቀኛውንም ከወንበሩ ያሸሻል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀር ንገሩኝ እስቲ።

ከድንኳኑ ወጣ ብለን ነገርኩት። ታክሲውን፣ ክላሰሩን፣ ሰኞ ጠዋትን። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ።

“ታክሲ ውስጥ ነው እንዴ? እኔኮ እስካሁን ቤትዎ የሆነ ቦታ ያሉ ይመስለኝ ነበር” አለ። ከዚያም ትንሽ ዝም ብሎ፣ “ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን መምህር፣ እኔማ ድሮም አውቀው ነበር። ያላወቀው ክፍሉ ነው።”

እውነቱን ነው። በሰው ፊት የጣልኩትን ለብቻው ጠርቼ በሹክሹክታ ላነሳው አልችልም። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. ልቦለድ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ፣ የቢሮ ኃላፊ፣ አንዳንዶቻችሁም መምህር የሆናችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ስሙኝ። ወረቀቶቹ 43 ነበሩ። ቆጥሮ ነው ያስረከበኝ።